«እኔ አላዘዝኩም» የሚል መሪ በሕግ እንዴት ይያዛል?

የተላከልኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው። «እኔ የተወለድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አባቴና ጓደኞቹ ስለ ቀይ ሽብር ሲያወሩ አንድ ነገር ሁሌ ግራ ይገባኛል። መሪ ራሱ ሽጉጥ መዞ አይገድልም። ሲጠየቅ ‹እኔ አላዘዝኩም፣ ታች ያሉት ናቸው› ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በሕግ እንዴት ይያዛል? ሥልጣን ላይ እያለስ ምንም አይነካውም? ደግሞ መንግሥቱ ኃይለማርያም ሐራሬ ተቀምጦ፣ እዚህ የተፈረደው ፍርድ ለማን ምን ጠቀመ?»

እህቴ፣ ሦስቱንም እመልስልሻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን ብዙ እቆያለሁ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሕግ የጎደለን ይመስለናል። ሕግ አልጎደለንም።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ አሁን የምንሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አዛዥንም ታዛዥንም ይይዛሉ። የ1996ቱን አንቀጽ 73 እና 74 አውጥተሽ አንብቢው። የበላይ ሆኖ ወንጀል እንዲፈጸም ያዘዘ ሰው ራሱ ይጠየቃል። ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታችም «ታዝዤ ነው» ብሎ አያመልጥም። ስለዚህ ሽጉጡን ማን መዘዘ የሚለው ለዳኛ አንዱ ጥያቄ ብቻ ነው። ከባዱ ጥያቄ ትዕዛዙ ከማን አፍ ወጣ፣ በማን በኩል ወረደ፣ መቼ ወረደ የሚለው ነው። ያንን ማስረዳት ነው ፈተናው።

በደርግ ጉዳይ እንዴት ተቻለ? በወረቀት።

ሕግ ትምህርት ቤት እያለሁ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሄድ የጠበቅኩት ጩኸትና እንባ ነበር። እንባውም ነበር፣ ምስክሮች ሲቀርቡ አዳራሹ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ነገር ግን የብዙው ቀን ሥራ ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ይነሳል፣ የደብዳቤ ቁጥር ይጠራል፣ ቀኑን ይጠራል፣ የፈራሚውን ስም ይጠራል፣ ይቀመጣል። ቀጥሎ ሌላ ደብዳቤ። ያኔ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። አሁን እኔም የወንጀል ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ስቆም፣ ሰዎቹን ያሰራቸው ያ አሰልቺው ክፍል እንደነበር ይገባኛል።

«ሰው የሚገድል መንግሥት ለምን ይጽፋል?» ትዪ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መንግሥት በሺዎች ሰው ሲያስርና ሲገድል ያለ ወረቀት አይሆንለትም። እስረኛ ይቆጠራል፣ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው በፊርማ ይተላለፋል፣ መኪና ይታዘዛል፣ ነዳጅ ይወጣል፣ ጥይት ይፈረምበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የበታቹ ይፈራል። ነገ «ማን አዘዘህ?» ቢባል የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትዕዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ ይላል። የበላዩ ደግሞ ሥራው መሠራቱን ማወቅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሪፖርት አምጣ ይላል። «እርምጃ የተወሰደባቸው» ተብሎ የስም ዝርዝር ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ እያለ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ (ያኔ ከቀበሌ በላይ የነበረው የከተማ አስተዳደር እርከን)፣ ከከፍተኛ ወደ ላይ፣ ማኅተም ያረፈበት ሰንሰለት ይሠራል። ሰንሰለቱን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥሎ ሲወጣ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላም አዲስ አበባ ስትያዝ ያ ሁሉ ፋይል በየቢሮው ቀረ።

የሽግግር መንግሥቱ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ያንን ወረቀት መሰብሰብ ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ። ከዚያ ተጠርጣሪዎቹን በሦስት እርከን ከፈላቸው። ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ የሆነው ይሄ አከፋፈል ነው። አንደኛው እርከን ፖሊሲ ያወጡና የወሰኑ፣ 146 ሰዎች። ሁለተኛው መሐል ሆነው ትዕዛዝ ያስተላለፉና በራሳቸውም የወሰኑ፣ 2,433። ሦስተኛው በእጃቸው የፈጸሙ፣ 2,619። በድምሩ 5,198 ተከሳሽ። አየሽ፣ በእጁ የፈጸመው መጨረሻ እርከን ላይ ነው ያለው። መሪው የመጀመሪያው ላይ። ክሱ ከላይ ነው የጀመረው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት በተለምዶ «ስልሳዎቹ» የምንላቸው የንጉሡ ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና ጄኔራሎች ዓለም በቃኝ እስር ቤት ውስጥ ተረሸኑ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። የተወሰነባቸው በደርግ ስብሰባ ነው። በማግስቱ ደግሞ መንግሥት ራሱ በሬዲዮ ተናገረ። እንዲህ ላለ ነገር «የበታቾቼ ናቸው» የሚለው መከላከያ ከየት ይመጣል? ስብሰባው አለ፣ ውሳኔው አለ፣ መግለጫው አለ። እያንዳንዱ ተከሳሽ ሊከራከር የሚችለው «እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ አልነበርኩም» ወይም «ተቃውሜያለሁ» ብሎ ነው። ያ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ይፈልጋል።

ሌላው ሚያዝያ 1969 ነው። መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ፣ የዛሬው መስቀል አደባባይ ማለት ነው፣ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሰባብሮ ፎከረ። ምስሉ ዛሬም አለ። ይሄ ንግግር ብቻውን የእከሌን ልጅ ግደሉ የሚል ትዕዛዝ አይደለም። ጠበቃ ብሆንለት ኖሮ እንደዚያ ብዬ እከራከርለት ነበር። ነገር ግን እኛ በወንጀል ሕግ ሞራላዊ ፍሬ ነገር የምንለውን፣ ማለትም ሰውየው ያውቅ ነበር ወይ፣ አስቦበት ነበር ወይ የሚለውን ለማሳየት ይረዳል። ንግግሩን፣ ከዚያ በኋላ የወረደውን «ነፃ እርምጃ» የሚል፣ ማለትም ያለ ፍርድ የመግደል፣ ፈቃድና ከታች የመጣውን የስም ዝርዝር አንድ ላይ ስታስቀምጪው «አላወቅኩም» ማለት ያስቸግራል። ለዚህ ነው እኔ ሁሌ አንድ ወረቀት ለብቻው አትፈልጉ የምለው። ሁለት ወረቀት ሲገናኝ ነው ነገሩ የሚናገረው።

አጽሞችም ተቆፍረው ወጡ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል፤ በአገራቸው በወታደራዊው መንግሥት ጊዜ የጠፉ ሰዎችን ሲፈልጉ የተማሩትን ይዘው ነው የመጡት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም ራሱ በ1984 ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ነው የተገኘው።

ስለ ክሱ ስም አንድ ነገር ካላልኩ የሙያ ጓደኞቼ ይቆጡኛል። የተፈረደባቸው በዘር ማጥፋት ነው። ብዙ ሰው «ቀይ ሽብር እኮ የፖለቲካ ግድያ ነው፣ የዘር አይደለም» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን አይጨምርም (ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ነው)። የእኛ የ1949 ዓ.ም. ሕግ ግን አንቀጽ 281 ላይ የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ነበር፣ ከዓለም አቀፉ ሕግ ሰፋ አድርጎ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ በዚያ ሄደ፤ አብዛኞቹ ዳኞች ተቀበሉት። አንድ ዳኛ ግን ድርጊቱ መቀጣት ያለበት በከባድ የሰው ግድያ ነው ብለው በሐሳብ ተለዩ። እኔ በግሌ ያንን የልዩነት ሐሳብ ሁሉም የሕግ ተማሪ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ያን ያህል የተጠሉ ሰዎች ፊቱ ቆመው ዳኛ «ሕጉ እንዲህ ነው» ብሎ ለብቻው መቆም መቻሉ ለችሎቱ ክብር ነው።

ተከሳሾቹ ደግሞ «የተከሰስንበትን ያደረግነው በመንግሥትነት ነው፣ የአገር መሪ በዚህ አይከሰስም» ብለው ገና ከመጀመሪያው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ይሄ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ያመጣኛል።

ሥልጣን ላይ ያለ መሪ አይነካም ወይ? በወረቀት ደረጃ ይነካል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል። አጭርና ግልጽ ነው። ያለመከሰስ የሚባለው ነገር አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ነው ያለው፤ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ ስለዚህ ይሄ ጥበቃ እሱንም ይሸፍነዋል። ልብ በዪ፣ ጥበቃው ከጥፋት ነጻ አያደርገውም። የተቆለፈ በር ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ምክር ቤቱ ጋ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ፣ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ የመወያየት ግዴታ አለበት ይላል። አንድ ሦስተኛ ብቻ! አብላጫ ድምፅ አያስፈልግም። ይሄን አንቀጽ ያረቀቁት ሰዎች አናሳው ወገን አስፈጻሚውን እንዲጠይቅ በር ሊከፍቱለት አስበው ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ2007 ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። ተጠያቂውና ጠያቂው የአንድ ቤት ሰዎች ሲሆኑ አንድ ሦስተኛውን ከየት ታመጪዋለሽ? አንቀጹ አለ፣ የሚጠቀምበት ሰው የለም። መሪ በሥልጣን ዘመኑ እንዲጠየቅ የምንፈልግ ከሆነ ሕግ ከመጻፍ ይልቅ ምክር ቤት ውስጥ ማን ተቀምጧል የሚለው ላይ ብዙ መሥራት አለብን። ይሄን ስል ያመኛል፣ ምክንያቱም ከሰላሳ ዓመት በኋላም እዚያው ነን።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የበለጠ መንቃት ያስፈልጋል፤ አስፈጻሚው በጣም የሚጎለብተው ያኔ ነው። አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ኢሰብዓዊ ድርጊት የፈጸሙ ለፍርድ እንዲቀርቡ ማድረግም ሥራው ነው። ወንድሙ የታሰረበት ሰው ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስሙ በዝርዝሩ ላይ ወጥቷል ወይ? ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክታችኋል ወይ?» ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው በቃል ነው የሄደው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከሃያ ዓመት በኋላ የለም።

አሁን ሦስተኛው። ፍርዱ ለማን ጠቀመ?

ችሎቱ ታህሳስ 1987 ተጀመረ። ጥፋተኛ የተባሉት ታህሳስ 3 ቀን 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ጥር ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ወደ ሞት ለወጠው። መንግሥቱ በሌለበት ነው የተፈረደበት፣ ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችውም። በ2003 የእስረኞቹን የሞት ፍርድ ፕሬዚዳንቱ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፣ በ2004 መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ወጡ።

ያኔ ብዙ ሰው «ይቅርታ ተደረገላቸው» ብሎ ተናደደ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) የለውም፣ ምሕረትም ይቅርታም አይደረግበትም ይላል። ለአገሪቱ ርዕሰ ብሔር የፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ። የሆነውም ያ ነው። የወጡት በአመክሮ ነው፤ አመክሮ ማለት ሃያ ዓመት ታስሮ፣ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ሆኖ መውጣት ነው። ልዩነቱ ለተጎጂ ቤተሰብ ትልቅ ነው።

ጉድለቶቹን አልደብቅሽም። ሰዎች ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ክስ ታስረዋል፤ ብዙዎቹ የተከሰሱት በ1989 ነው። ይሄ ለማንም ተከሳሽ ትክክል አይደለም። የተመረመረው የአንድ ወገን ጥፋት ነው፤ በዚያው ዘመን የታጠቁ ሌሎች ድርጅቶች የፈጸሙት አልተነካም፣ ያሸነፈው ወገን የራሱን ፋይል አልከፈተም። ለተጎጂዎች ካሳ አልተሰጠም። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ሲጸድቅ እኔ ቶሎ ያየሁት ይሄንን ነው፤ በዚህኛው የማን ፋይል ይከፈታል?

ሆኖም «ምንም አልጠቀመም» የሚለውን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ከውጭ አገር ሁለት ጉዳይ ልንገርሽ። ቀልቤሳ ነገዎ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። አሜሪካ ሄዶ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ፣ በእሱ ትዕዛዝ የተሰቃየች ኢትዮጵያዊት እዚያው አየችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሳ ፈረደ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ሁለተኛው እሸቱ ዓለሙ ነው፣ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው። ኔዘርላንድስ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። ሔግ ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገደሉት 75 ወጣት እስረኞች ጉዳይ ከክሶቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ከማስረጃዎቹ መካከል የእሱ ፊርማ ያረፈባቸው የዚያ ዘመን ወረቀቶች ነበሩ። አንድ ቢሮ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ከአርባ ዓመት በኋላ አውሮፓ ችሎት ላይ ተነበበ።

አየሽ፣ ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ የምደጋግመው። ሐራሬ ያለው ሰው ዕድሜውን እዚያ ሊጨርስ ይችላል። ነገር ግን ማን ምን እንዳዘዘ በፍርድ ቤት ተመዝግቧል፣ ማንም መጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ሊል አይችልም፣ ቢልም መዝገቡ አለ።

የአክስቴን ነገር ልጨምርና ላብቃ። የመጀመሪያ ልጇን በ1970 ከቤት ወሰዱባት፤ አልተመለሰም። መጻፍ ብዙም አትችልም ነበር፣ ግን ጎረቤት አስጽፋ በቀበሌ ሱቅ የራሽን ካርድ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጡትን የሦስት ሰዎች ስም፣ ያወጡበትን መኪና ቀለም አስቀመጠች። አሥራ ስድስት ዓመት መሶብ ሥር አኖረችው። መርማሪዎቹ ሲመጡ አውጥታ ሰጠቻቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ስሞች በሌላ ፋይል ላይም ነበሩ።

አንቺም አባትሽና ጓደኞቹ በሚቀጥለው ሲሰበሰቡ ደብተር ይዘሽ ተቀመጪ። የጠፋው ጓደኛቸው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ ወሩ፣ ማን መጥቶ እንደወሰደው፣ ያኔ የት እንደታየ። «ያን ጊዜ» ሲሉ «የትኛው ወር? ከፋሲካ በፊት ወይስ በኋላ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሰው ወር ይረሳል፣ በዓል ግን አይረሳም። ያለቻቸውን ፎቶና ደብዳቤ በስልክሽ አንሺው፣ ጀርባውንም ጭምር። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ኮፒውን ውሰጂላቸው፤ ዋናውን ግን ከቤት አታውጪ።